ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ፓምፑ በየ11 ደቂቃው ይነሳል፤ ቫልቩ ነው ወይስ ሌላ?

ታንከር24 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ 1000 ሊትር ታንከር አለን። ከታንከሩ ግርጌ የሚወጣው መስመር መጀመሪያ ጌት ቫልቭ (በእጅ የሚዘጋ) አለው፣ ቀጥሎ ቼክ ቫልቭ (ውሃን ወደ ፊት ብቻ አሳልፎ ወደ ኋላ የማይመልስ)፣ ከዚያ ፓምፑ። የፓምፑ መውጫ ላይ ባለ አምስት አፍ የነሐስ መገጣጠሚያ ታስሯል። ፕሬዠር ስዊቹም፣ የግፊት መለኪያው ጌጅም፣ ባለ 24 ሊትሩ የግፊት ታንክም (ውስጡ አየርና ውሃ በላስቲክ የተለያዩበት) እዚያ ላይ ናቸው። ከዚያ ወደ ቤት የሚገባው መስመር የራሱ ጌት ቫልቭ አለው። ስዊቹ 1.4 ባር ላይ ያስነሳል፣ 2.8 ላይ ያጠፋል።

ችግሩ ይሄ ነው። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ፓምፑ ራሱ ይነሳል። አሥር ሰከንድ ገደማ ይሠራና ይጠፋል። ከ11 ደቂቃ በኋላ እንደገና። ትናንት ሌሊት ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። አንዴ 11፣ አንዴ 10 ተኩል፣ አንዴ 11። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ከፓምፑ ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ሕፃኑ እየባነነ ያለቅሳል።

መጀመሪያ ያየው ባለሙያ «ስዊቹ ነው» ብሎ ቀየረልኝ። ምንም ለውጥ የለም። ሁለተኛው ደግሞ «ፓምፑ አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ከመግዛቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

መካኒክ ነኝ

ቼክ ቫልቩ ነው ወንድሜ። ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። ቀይረውና ተገላገል።

የፓምፕ ጠጋኝ

ቼክ ቫልቩ ሊሆን ይችላል። ግን ስዊቹንም ያስቀየረው እንዲሁ ዓይን ጨፍኖ መናገር ነው። እስቲ መጀመሪያ እንለካ።

ስዊቹን ለጊዜው ተወው። የስዊች ሥራ ግፊት ሲወርድ ማስነሳት፣ ሲሞላ ማጥፋት ነው። ያንተ በ1.4 አስነስቶ በ2.8 ካጠፋ ደህና ነው። ፓምፑም 2.8 ድረስ በአሥር ሰከንድ ካደረሰ አላረጀም። ያረጀ ፓምፕ እየሠራ ይቆያል እንጂ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ግፊቱን ማን ነው የሚያወርደው?

የታመቀ ውሃ የሚሄድበት መንገድ ይፈልጋል። አንተ ዘንድ ሦስት መንገድ ብቻ አለ። ወደ ፊት፣ ወደ ቤት፤ ሳይፎን የሚያፈስ ከሆነ ወይም መሬት ውስጥ የተሰነጠቀ ቧንቧ ካለ። ወደ ውጭ፤ ፓምፑ ዘንግ ላይ ያለው «ሲል» (ውሃ እንዳይወጣ የሚያሽገው) አልቆ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይም መገጣጠሚያ ከላላ። ወደ ኋላ፤ በቼክ ቫልቩ ሾልኮ ተመልሶ ታንከሩ ውስጥ።

ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። ፓምፑ 2.8 ሞልቶ እንዲጠፋ ጠብቅ። ወዲያው ብሬከሩን አውርድ። ወደ ቤት የሚገባውን ጌት ቫልቭ ጥብቅ አድርገህ ዝጋ። ፓምፑ ሥር ደረቅ ካርቶን አንጥፍ። ከዚያ ጌጁ አጠገብ ቁጭ በልና በየሦስት ደቂቃው የምታየውን ጻፍ። ብሬከሩን እንዳትረሳ። ካላወረድከው 1.4 ሲደርስ ፓምፑ ተነስቶ ልኬቱን ያበላሽብሃል።

ቀስቱ ካልተንቀሳቀሰ ሌባው ቤት ውስጥ ነው። ከወረደና ካርቶኑ ከረጠበ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው። ከወረደና ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው።

ጠብታ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ ቤት የረዳን እሱ ስለሆነ። ማታ ወደ ታንከሩ የሚገባውን ውሃ ዝጋው። ረጅም ደረቅ እንጨት ከላይ አስገብተህ ታች አስነካና እርጥበቱ የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ድገመው። ውሃው በቤት በኩል እየጠፋ ከሆነ ታንከሩ ይጎድላል። ወደ ኋላ እየተመለሰ ከሆነ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢዞር ያው ውሃ ነው፣ አይጎድልም።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ነገር ከመጀመሩ በፊት በዚያ መስመር ላይ የተነካ ነገር ነበር?

ታንከር24 (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱንም አደረግኩ።

የቤቱን ቫልቭ ዘግቼ፣ ብሬከሩን አውርጄ ያየሁት ይሄ ነው። ሲጀምር 2.8። በ3 ደቂቃ 2.2። በ6 ደቂቃ 1.8። በ11 ደቂቃ 1.4። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ወረደ፣ በኋላ ቀስ አለ። ካርቶኑ ፍጹም ደረቅ ነው። በእጄም ዳበስኩት።

እንጨቱም ጠዋት ያው ምልክት ላይ ነው የረጠበው።

እህቴ ለጠየቅሽው፦ አዎ። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ታንከሩ ግርጌው ላይ ያንጠባጥብ ስለነበር የመውጫው መገጣጠሚያ ተፈትቶ በቴፍሎን እንደገና ታሰረ። ፓምፑ በራሱ መነሳት የጀመረው ከዚያ ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል። አሁን ስትጠይቂኝ ነው ያገናኘሁት።

መካኒክ ነኝ

አላልኩህም? ወደ ኋላ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ ፓምፑ ሲጠፋ ከኋላ ያለውን ማራገቢያ እይ። ወደ ኋላ ሲዞር ካየኸው አለቀ።

የፓምፕ ጠጋኝ

የማራገቢያው ምልክት እውነት ነው፣ ግን ለዚህ አይሆንም። ማራገቢያውን ወደ ኋላ የሚያዞረው ቫልቩ ጨርሶ ክፍት ሆኖ ሲቀርና ውሃው በአንድ ጊዜ ሲመለስ ነው። እንዲህ በ11 ደቂቃ ቀስ ብሎ የሚሾልክ ውሃ ዘንግ የማዞር አቅም የለውም። ልጁ ማራገቢያው ቆሞ ያይና «ቫልቩ ደህና ነው» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ለእሱ የሚሆነው ሌላ ፈተና ነው፣ ደግሞ ዕድለኛ ነው። በታንከሩና በቼክ ቫልቩ መካከል ጌት ቫልቭ አለው። እንደገና 2.8 ሙላ። ብሬከሩን አውርድ። የቤቱን ቫልቭ ዝጋ። አሁን የታንከሩንም ጌት ቫልቭ ዝጋ። ውሃው ቼክ ቫልቩን ቢያልፍ እንኳ የሚሄድበት የለም። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የታንከሩን ቫልቭ ክፈተው። ስትከፍተው ወዲያው መውረድ ከጀመረ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስትጨርስ የታንከሩን ቫልቭ መክፈትህን ሳታረጋግጥ ብሬከሩን እንዳታነሳ። መምጫው ተዘግቶ ከሠራ ፓምፑ በደረቁ ይሽከረከርና ሲሉን ያቃጥላል። ያኔ እውነተኛ የፓምፕ ችግር ይመጣብሃል።

የግፊት ታንኩን አየርስ ለካኸው?

ታንከር24 (ጠያቂ)

አየሩን በጎማ መለኪያ ለካሁት፣ 35 ፒኤስአይ አለ። ጥሩ ነው አይደል?

የፓምፕ ጠጋኝ

ውሃው ውስጡ እያለ ነው የለካኸው። 35 ፒኤስአይ ማለት 2.4 ባር ነው። በዚያ ሰዓት ጌጁም ያንኑ ያሳይ ነበር። ላስቲኩ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላ ወገን አየር ስላለው ሁለቱ እኩል ይገፋፋሉ። ስለዚህ የለካኸው የውሃውን ግፊት ነው።

ብሬከሩን አውርድ፣ ቤት ውስጥ አንድ ቧንቧ ክፈት፣ ጌጁ ዜሮ እስኪሆን ውሃውን ልቀቅ። ከዚያ ለካ። ለ1.4 ማስነሻ አየሩ ከ1.2 ባር ብዙ መራቅ የለበትም፤ በጎማ መለኪያ 18 ፒኤስአይ አካባቢ። አየር መሙያው ላይ ያለችውንም መርፌ ጫን በላት። አየር ብቻ ከወጣ ላስቲኩ ደህና ነው። ውሃ ከተፋ ላስቲኩ ተቀዷል።

ጉድጓድ ዳር

ክሩን ላቋርጥ ይቅርታ። የኔም ተመሳሳይ ስለመሰለኝ ነው። የኔ ፓምፕ ከጉድጓድ ነው የሚስበው፣ ውሃው 5 ሜትር ያህል ታች ነው። ማታ ደህና ይሠራል። ጠዋት ግን ይጮሃል እንጂ ውሃ አያመጣም። ከላይ በጆግ ውሃ ስሞላው ይነሳል። የኔም ቼክ ቫልቭ ነው?

የፓምፕ ጠጋኝ

ያንተ ዘመዱ ነው። ከቧንቧው ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ፉት ቫልቭ መኖር አለበት፣ ወንፊት ያለው። እሱ ካልያዘ ሌሊቱን ውሃው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ ጠዋት ፓምፑ አየር ብቻ ይጨብጣል። ነገር ግን በመሳቢያ ቧንቧው ላይ አየር የሚገባበት ቀዳዳም ያንኑ ምልክት ይሰጣል። ሁለቱን ሳትለይ ቧንቧውን አታውጣ፣ ልፋት ነው።

ፓምፑን አጥፋ። የመሙያውን ቡሽ ክፈትና እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሙላ። ቡሹን ክፍት አድርገህ ተወውና ውሃውን ተመልከት። አፉ ላይ ከቆመ ፉት ቫልቩ ይዟል። ከወረደ ከጉድጓዱ አፍ በላይ ያሉትን መገጣጠሚያዎች በደረቅ ሶፍት አንድ በአንድ ንካ። በመሳብ ጊዜ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ቧንቧው ሞልቶ ሲቆም ውሃ ያስወጣል። ሶፍቱ ከረጠበ እዚያ ነው። ሁሉም ደረቅ ሆኖ ውሃው ከወረደ ችግሩ ታች ነው፤ በአብዛኛውም ፉት ቫልቩ ነው።

እስከዚያው በደረቁ እንዲጮህ አትፍቀድለት። ሲሉ የሚቀዘቅዘው በውሃው ነው።

ታንከር24 (ጠያቂ)

ጋሼ፣ ሁለተኛውን ፈተና ሠራሁት። ሁለቱንም ቫልቭ ዘግቼ ቀስቱ 2.8 ላይ ተተከለ። 5 ደቂቃ፣ 10፣ 20፣ ምንም አልነቃነቀም። ባለቤቴንም ጠርቼ አሳየኋት። ከዚያ የታንከሩን ቫልቭ ስከፍት ዓይናችን እያየ ቀስቱ መውረድ ጀመረ።

አንድ ነገር ደግሞ ሞከርኩ። ረጅም ካቻቢቴ ይዤ ጫፉን ቼክ ቫልቩ ላይ አስነካሁ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ደገፍኩ። ቀጭን «ስስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የታንከሩን ቫልቭ ስዘጋ ድምፁ ጠፋ። ስከፍት ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

አየሩንም ባሉኝ መንገድ ለካሁ። ጌጁ ዜሮ ሲሆን 7 ፒኤስአይ ብቻ ነው ያለው። መርፌዋን ስጫናት አየር ብቻ ወጣ።

የፓምፕ ጠጋኝ

ጎበዝ። በካቻቢቴ ማዳመጡን ልነግርህ ስል ቀደምከኝ።

7 ፒኤስአይ ግማሽ ባር ማለት ነው። ይሄ ቁጥር ይጠቅመናል፣ የሚሾልከውን ውሃ መጠን ልናወጣበት እንችላለን። 24 ሊትር ታንክ 1.2 ባር አየር ቢኖረው በ2.8 እና በ1.4 መካከል 8 ሊትር ያህል ይሰጣል። ባንተ ግማሽ ባር ግን 5 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። 5 ሊትር ተኩል ለ11 ደቂቃ ስታካፍለው በደቂቃ ግማሽ ሊትር ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው።

የጠብታ እንጨትም የተናገረው ይህንኑ ነው። በደቂቃ ግማሽ ሊትር በቤት በኩል ቢጠፋ ኖሮ በ8 ሰዓት 240 ሊትር ነው። ከ1000 ሊትር ታንከር ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ያ ሁሉ ጎድሎ እንጨትህ ሳያሳይ አይቀርም ነበር።

በየ11 ደቂቃው ማለት በቀን 130 ጊዜ መነሳት ነው፣ ያለ አንዳች ሥራ። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ የሚስበው ኮረንት ሲሠራ ከሚስበው 5 እና 6 እጥፍ ይደርሳል። ፓምፑን የሚገድለው ይሄ ነው። «አልቆለታል» ያለህ ሰው ሁለት ዓመት ቆይቶ ቢመጣ ኖሮ እውነቱን ነበር።

በል አሁን ቫልቩን ፍታ። ብሬከር አውርድ፣ የታንከሩን ጌት ቫልቭ ዝጋ፣ ቤት ውስጥ ቧንቧ ከፍተህ ጌጁን ዜሮ አድርግ። ዜሮ ሳይሆን ዩኒየኑን (ቫልቩ የሚፈታበትን መገጣጠሚያ) እንዳትነካ። የቀረው ውሃ ስለሚወርድ ባልዲ አስቀምጥ። ከመፍታትህ በፊት በቫልቩ ገላ ላይ ያለው ቀስት ወዴት እንደሚያመለክት ፎቶ አንሳው።

መካኒክ ነኝ

ያኛውን ሳትፈታ ከፓምፑ በኋላ ሌላ ቼክ ቫልቭ ብትጨምርስ? እኔ ብዙ ጊዜ እንደዚያ አደርጋለሁ። ሥራው ይቀላል።

የፓምፕ ጠጋኝ

አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ እኔ አላደርገውም። የታመመው እዚያው ውስጥ ይቀመጣል። ቁራጭ ነገር ከሆነ የያዘው፣ ያ ቁራጭ አንድ ቀን ተነቅሎ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

የሚቀመጥበት ቦታም አደጋ አለው። እሱ ዘንድ ስዊቹ ፓምፑ መውጫ ላይ ነው። አዲሱን ቫልቭ ከስዊቹ በኋላ፣ ከግፊት ታንኩ በፊት ካስገባኸው ስዊቹ ታንኩን አያየውም። የሚያየው በሁለቱ መካከል የታሰረችውን ጥቂት ውሃ ብቻ ነው። ያኔ ስዊቹ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ይፈጃል፣ በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ።

መካኒክ ነኝ

እሱ ልክ ነው። እንዲያውም አንድ ቦታ እንዲህ ሆኖብኝ ስዊቹን ነበር የወቀስኩት። አሁን ነው የገባኝ።

ታንከር24 (ጠያቂ)

ፈታሁት!

ቫልቩን ወደ ብርሃን አዙሬ በጣቴ ሳህኗን ወደ ውስጥ ገፋሁ። ሞላዋ ደህና ትመልሳታለች። ግን ሳህኗ ዙሪያ ባለው ጥቁር ላስቲክ ላይ ነጭ ክር ተጋድሟል። ፀጉር መስሎኝ ነበር። በፒንሳ ጫፍ ሳወጣው ቴፍሎን ነው። ሁለት ሴንቲሜትር አይሞላም፣ ተጠቅልሎ ቀጥኖ ክር ሆኗል። ያን ጊዜ ታንከሩ ግርጌ ላይ የታሰረው ቴፍሎን ቁራጭ ነው፣ ሌላ ከየት ይመጣል።

አጥቤ መልሼ አሰርኩት። የቤቱን ቫልቭ ዘግቼ፣ የታንከሩን ከፍቼ ፈተንኩ። በጣም ተሻለው፣ ግን አልዳነም። በአንድ ሰዓት ከ2.8 ወደ 2.3 ወረደ። እንዲህ ይቅር ወይስ ልቀጥል?

ጠብታ

ላስቲኩን በጥፍርህ ዳሰው። ክሩ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ላይ ጥፍርህ ይይዛል?

ታንከር24 (ጠያቂ)

አዎ! እንደገና ፈትቼ ዳሰስኩት። ክሩ በተኛበት ልክ ቀጭን ቦይ ሠርቷል። በዓይን ብዙም አይታይም፣ በጥፍር ግን ይታወቃል።

የፓምፕ ጠጋኝ

ሁለት ወር ሙሉ ሞላው ላስቲኩን ክሩ ላይ ሲጫነው ከርሟል። ውሃውም በዚያችው መስመር ሲሮጥ። ላስቲክ እንዲህ ከታተመ ወደ ቦታው አይመለስም። ቫልቩን ቀይረው፤ አሁን ለምን እንደምትቀይረው ታውቃለህ።

ስትገዛ እንደ ነባሩ ባለ ሞላ ይሁን። ባለ ሞላው ጋድሞም ቆሞም ይሠራል። ባለ መክደኛው ግን ወይ ተጋድሞ ወይ ውሃው ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ብቻ ነው በደንብ የሚዘጋ። የቧንቧውም ስፋት አይነስ፤ መሳቢያ በኩል ከጠበበ ፓምፑ ይታነቃል። ቀስቱ ከታንከሩ ወደ ፓምፑ ይመልከት።

ቴፍሎኑን ስትጠቀልል የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተወው፣ ከሁለተኛው ጀምር። ከቧንቧው አፍ አልፎ የተንጠለጠለ ነገር ካለ ውሃው ቆርጦ ይወስደዋል። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚያች ከመጀመሪያዋ ጥርስ ነው። ጨርሰህ ቫልቩን ከማሰርህ በፊትም የታንከሩን ጌት ቫልቭ ለአፍታ ከፍተህ ውሃውን ባልዲ ውስጥ ልቀቀው። ሌላ ቁራጭ ካለ ይታጠብ።

አየሩንም አሁን ሙላው፣ ታንኩ ባዶ እያለ።

ታንከር24 (ጠያቂ)

አዲሱን ቫልቭ አሰርኩ። ባልዲው ውስጥ አንድ ሌላ የቴፍሎን ቁራጭ ወጣ፣ አነስ ያለች። ደግ ነው የነገሩኝ፣ አዲሱ ውስጥ ልትገባ ነበር። አየሩንም በብስክሌት መንፊያ 18 ፒኤስአይ አደረስኩት።

ማታ 4 ሰዓት ላይ 2.8 ሞልቶ ጠፋ። ብሬከሩን አላወረድኩም፣ የቤቱንም ቫልቭ አልዘጋሁም፤ እንደ ወትሮው ተውኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሕፃኑ ሲያለቅስ ደንግጬ ተነሳሁ። ፓምፑ አልነበረም፣ ርቦት ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ በባትሪ ሄጄ ጌጁን አየሁ፤ 2.7።

ቧንቧ ከፍቼ የሚወጣውን በባልዲ ለካሁ። ፓምፑ እስኪነሳ ድረስ 8 ሊትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ልክ ጋሼ ያሉት ቁጥር ነው።

የፓምፕ ጠጋኝ

ደስ ይበልህ። 2.7 በ7 ሰዓት ምንም ማለት አይደለም፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩም ትንሽ ይኮማተራል። ዛሬ ያየኸውን በወረቀት ጽፈህ ጌጁ አጠገብ ለጥፈው። ከዓመት በኋላ ጥርጣሬ ቢመጣ የምታመሳክርበት ይኖርሃል። አየሩን ደግሞ በየስድስት ወሩ እየው፣ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይጎድላል።

ጉድጓድ ዳር

እኔም ፈተናውን ሠራሁ። እስከ አፉ ሞላሁት፣ ቡሹን ክፍት ተውኩት። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው ከዓይን ጠፋ። ከላይ ያሉትን አራት መገጣጠሚያዎች በሶፍት ነካካኋቸው፣ አንዱም አልረጠበም። ቅዳሜ ወንድሜ ይመጣል፣ ቧንቧውን አብረን እናወጣዋለን። ፉት ቫልቩ ውስጥ ያገኘሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።